የድሮ ቀለም ከእንጨት ስታነሱ፦ እኔ የተሳሳትኩትን አትድገሙት

አያቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ለእናቴና ለአክስቴ ደረሰ። ፒያሳ ነው፣ ከሰባ ደረጃ ትንሽ ወረድ ብሎ። ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ ጭቃና እንጨት። የድሮዎቹ የአርመንና የህንድ ግንበኞች በከተማው ያስለመዱት ዓይነት የእንጨት በረንዳ አለው። በ2015 ዓ.ም ግንቦት ላይ እኔ፣ ባለቤቴና የሁለት ዓመት ልጃችን ፎቁ ላይ ገባን። አክስቴ ምድር ቤት ነበረች፤ አሁንም እዚያው ናት።

በሩ፣ መስኮቱ፣ መቃኑ፣ ወለሉን የሚዞረው ዞኮሎ፣ ሁሉም ቀለም ጠግቧል። ቆይቼ ስቆጥረው ሰባት ንብርብር ሆነ። ላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ያ የድሮ ሆስፒታል አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የበሩ ቅርጽ ጠፍቷል። የተፈለፈለው መስመር ሁሉ ሞልቶ ሊጥ የፈሰሰበት ይመስላል። አንድ ቀን መስኮት ስዘጋ ቅርፊቱ ተነሳና ከሥሩ ቀላ ያለ እንጨት ብቅ አለ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ። ለባለቤቴ "በሁለት ሳምንት አጸዳዋለሁ" አልኩት። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከስምንቱ ሦስቱ የጥፋት ወራት ናቸው። ይህን የምጽፈው ስለ ሦስቱ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ወሩ ነው። ሰኔ ላይ ጀመርኩ። ክረምት ላይ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ መስኮት አልከፈትም ይላል፣ ውጭ አውጥታችሁ እንዳትሠሩ ዝናቡ አለ። ስለዚህ ሥራው ቤት ውስጥ ገባ፣ መስኮቱም ተዘጋ። የቀረው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። መስቀል ሳያልፍ አትንኩት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ግራይንደር ይባላል። አንድ ቀለም ቀቢ ልጅ አመጣሁ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ አልዋሽም። ግን እሱም እንደኔ ቸኩሎ ነበር። ግራይንደሩ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ገጥሞ የሳሎኑን መቃን ያዘው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ቀለሙ ተነሳ፣ የመቃኑ ቅርጽም አብሮ ተነሳ። ዲስኩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ አለው፤ እስከ ዛሬ ጎንበስ ብዬ ሳየው ይቆጨኛል። አቧራው ደግሞ ቤቱን ሞላው። እንደ ዱቄት የለሰለሰ ነው። መጋረጃ፣ ትራስ፣ ሳህን፣ ምንም አልቀረውም። አመሻሽ ላይ ልጄ መስኮቱ ደፍ ላይ በጣቷ መስመር ስትስል አገኘኋት። ክብ ሠራች። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ ሳቅሁ። ፎቶም አነሳኋት።

ያንን ፎቶ አሁንም አልሰረዝኩትም፤ ማየት ግን አልወድም።

ግራይንደሩን ካቆምን በኋላ ሌላ ሰው "ይሄማ በእሳት ነው የሚነሳው" አለኝ። የጋዝ ችቦ ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምራል። ቀለሙ ይኮማተራል፣ አረፋ ያወጣል፣ በስፓቱላ ሲገፉት እንደ ቅቤ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ የድሮ መስታወት በሙቀቱ ተሰነጠቀ። ያንን እንደ ቀላል ነገር አለፍነው። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አክስቴ ከታች ጠራችኝ። "የሚሸት ነገር አለ። የኔ ዕጣን አይደለም።" ፎቁን ስናስስ ከመቃኑ ጀርባ ቀጭን ጭስ ይወጣል። የጭቃ ግድግዳ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት እሳቱ ገብቶ፣ ጭዱን ይዞ፣ ነበልባል ሳያሳይ ለሰዓታት ሲጤስ ቆይቷል። ከላይ ደግሞ የአቡጀዲ ኮርኒስ አለ። የዚያን ቀን የቧንቧ ውሃ ፈረቃችን አልነበረም። ያተረፈን በረንዳው ላይ የነበሩት ሁለት ጀሪካን ናቸው። በጭቃ ቤት ውስጥ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ችቦ አታስገቡ።

ነሐሴ ላይ አሜሪካ ካለች የአጎቴ ልጅ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ከኋላዬ ያለውን መስኮት አየችው። "ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። ከዚያ "እርሳስ እንዳለው አይታችኋል?" አክስቴ አጠገቤ ነበረችና ሳቀች። "ምን እርሳስ? የሚጻፍበት?"

የኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ብረቱ የለበትም። ቀለም ውስጥ ያለው ግን ያ ከባዱ፣ ለጥይት የሚሆነው ብረት ነው፤ ሲዋጥ ወይም ሲተነፈስ መርዝ ነው። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እንዲጠነክርና እንዲደምቅ ይጨመር ነበር። በተለይ የዘይት ቀለም ላይ፣ በተለይም በድሮው ነጭ፣ በቢጫው፣ በቀዩና በአረንጓዴው። የኔን በር ሁለቱን ቀለማት አስታውሱ። አሁን በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ቢበዛ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ነው፤ ደንቡ ከመምጣቱ በፊት ግድግዳና በር ላይ የወጣው ግን እዚያው አለ። ስለዚህ "የኛ ቤት ያን ያህል አሮጌ አይደለም" ብላችሁ አትዘናጉ።

የአጎቴ ልጅ መመርመሪያ እንጨት በሰው ላከችልኝ። ቀለሙን በምላጭ እስከ እንጨቱ ሰንጥቃችሁ ስታሹበት እርሳስ ካለ ይቀላል። ቀላ። በሌላ መስኮት ሞከርኩ፣ ቀላ።

ልጄን ይዤ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ደሟ ተወስዶ ወደ ውጭ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። ያንን ሦስት ሳምንት አልተርከውም። ውጤቱ በዴሲሊትር 8 ማይክሮግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ ይወገድ ይላል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን ግን የለም። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። ሐኪሟ አላስፈራሩኝም። "መድኃኒት የሚያስፈልገው ደረጃ አይደለም። መድኃኒቱ አቧራውን ማጥፋት ነው" አሉኝ። አይረንና ካልሲየም ያለው ምግብ አትጣ፣ ሆዷ ባዶ አይሁን፤ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንይ። ልጅ ያላችሁ ሆናችሁ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ምልክት አትጠብቁ። የኔዋ ትሮጥ ነበር፣ ትበላ ነበር፣ ምንም አይታይባትም ነበር።

በዚያው ቀን ልጄን ወደ እናቴ ቤት ሳሪስ ወሰድኳት። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ጽዳት። መጥረጊያ አልነካንም፤ ደረቅ መጥረግ አቧራውን ከወለል አንስቶ ሳንባ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ውሃ፣ ሁለት ባልዲ ይዘን፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ለማለቅለቂያ። ጨርቁን በየጊዜው ጣልነው። ምንጣፉን ለማትረፍ ብዙ ታገልኩ፤ በመጨረሻ ጣልኩት። ቆሻሻውን ውሃ ጓሮ ጎመን ላይ እንዳትደፉ። እኛ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋነው።

ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የተቃናው። የድሮ በር የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ በጎረቤት በኩል አገኘሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሲመጡ ምንም መሣሪያ አልያዙም። ቤቱን እየዞሩ በጣታቸው አንጓ እንጨቱን ያንኳኳሉ፣ በጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ።

"ይሄ ጥድ ነው። ይሄም ጥድ። ይሄ ዝግባ ነው፣ ደህና ነው" እያሉ ሄዱና ዞኮሎው ጋ ቆሙ። "ይሄ ደግሞ ባሕር ዛፍ። በኋላ የገባ ነው። ለዚህ ምን ትለፊያለሽ?"

"መልኩ አንድ እንዲሆን ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ተይው። የያዘ ቀለም ምን አደረገሽ?"

በዚያች ቀን የሥራዬ ግማሽ ተሰረዘ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ያልተላጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ በር ሲዘጋ የማይፋተግ ቀለም አደጋው ትንሽ ነው። በሳሙና ታጥቦ፣ በእርጥቡ በስሱ ታሽቶ፣ በላዩ ሊቀባ ይችላል። መነሳት ያለበት የሚረግፈው፣ የሚፋተገውና ልጅ አፉን የሚያስጠጋበት ነው፤ እንደ መስኮት ደፍ ያለው። ውበቱ የሚያስቆጭ እንጨት ካለ ደግሞ እሱ። እኔ ሁለት በር፣ አራት መስኮት፣ የሳሎኑን መቃንና የበረንዳውን ቋሚዎች መረጥኩ።

ቀጥሎ ጋሼ ያስተማሩኝ እንጨቱን ከግድግዳው ማውለቅን ነው። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር የተያያዘበትን መስመር በምላጭ ሰንጥቁ። ሰፊ ስፓቱላ አስገቡ፣ ከሱ ሥር ሌላ፣ በቀስታ። ሚስማሩን ከፊት አትምቱት። እንጨቱ ሲወጣ ገልብጣችሁ በጉጠት ከጀርባ ሳቡት፤ ጭንቅላቱ እንጨቱን በስቶ በጀርባ ይወጣል፣ ፊቱ አይሰነጠቅም። የትኛው የት እንደነበር እንዳይጠፋችሁም ቁጥር ስጡት። እኔ ጀርባው ላይ ልጽፍ እርሳስ አውጥቼ ሳንቃውን ስገለብጥ፣ ተጽፏል። በእርሳስ፣ በግዕዝ ቁጥር፣ ፩ ፪ ፫ ፬። አናጢው ማን እንደነበር አላውቅም። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና "ሥራውን ያውቃል" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥራው ከዚህ በኋላ ጓሮ ነው፣ ጥላ ሥር፣ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ። ፀሐይ ላይ አትሥሩ፤ የአዲስ አበባ የጥቅምት ፀሐይ የቀለም ማንሻ ኬሚካሉን ሳይሠራ ያደርቀዋል። የተጠቀምኩት ቅባት መሰል የቀለም ማንሻ ነው። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ካለበት መልሱት፤ በተዘጋ ክፍል ሰው የገደለ ነገር ነው። የኔው ቀስ ብሎ የሚሠራ ዓይነት ነበር። ወፈር አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ ቀቡ፣ እየተመላለሳችሁ አታሹት፣ ከዚያ በፌስታል ሸፍኑና ሂዱ። ሚስጥሩ ፌስታሉ ነው። ያለ ፌስታል በግማሽ ሰዓት ይደርቅና አንድ ንብርብር ብቻ ያነሳል፤ ተሸፍኖ ሲያድር አራቱን አንድ ላይ አነሳልኝ።

የስፓቱላችሁን ጥግ በሞረድ ክብ አድርጉት። ሹል ጥግ እንጨት ይበጣል። ለተፈለፈለው መስመር የገዛሁት መሣሪያ ሁሉ አልሆነም። የሆነው የድሮ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ጠርዙ በሞረድ ተስሎ። ለጠባቡ ደግሞ መፋቂያ። አዎ፣ የጥርስ መፋቂያ፤ የወይራውን ጫፍ ሾል አድርጋችሁ። ብረት ስላልሆነ ጥዱን አይቧጭረውም። የበረንዳውን ክብ ቋሚዎች ደግሞ በቃጫ ገመድ፦ ማንሻው ቀለሙን ካለሰለሰ በኋላ ገመዱን አዙራችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ሊስትሮ ጫማ ሲወለውል እንደሚያደርገው ወዲያ ወዲህ። ከዚህ ሁሉ ሥራ የተደሰትኩበት ይሄ ብቻ ነው።

ሊወልቅ ላልቻለው መቃን ትኩስ አየር የሚነፋውን፣ ሂት ጋን የሚሉትን ተጠቀምን። ከችቦው የሚለየው ሙቀቱን መወሰን መቻሉ ነው። በአሜሪካ ደንብ እርሳስ ባለው ቀለም ላይ ከ590 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሚሞቅ ሂት ጋን አይፈቀድም፤ እርሳሱ ጭስ ሆኖ ይተነፈሳል። እኔ ከ400 አላሳለፍኩትም። ያኔም መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጀሪካን አጠገቤ ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ ቀን ስሰካው ባልቦላው ተቃጠለ። የቤቱ ሽቦ የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሁለት ሺህ ዋት አይችልም። ለአንድ ሶኬት ከቆጣሪው አዲስ መስመር አስዘረጋሁ። ይህን ወጪ ቀድማችሁ አስቡት።

ጭንብል፦ የጨርቁ አይሠራም፣ የሐኪም ቤቱም አይሠራም። ለእርሳስ አቧራ ኤን 100 ወይም ፒ 100 የሚል ምልክት ያለው። እሱም ቢሆን የማንሻውን ሽታ አይከለክልም። የሥራ ልብሴን ጓሮ አውልቄ ለብቻው አጥባለሁ፤ እጄንና ፊቴን ሳልታጠብ ቡና አልጠጣም። ፍርፋሪውን ረጥቦ እያለ በሁለት ፌስታል አስረን አስወገድን። ለማገዶ ይሆናል ብሎ ቀለም ያለበትን ስብርባሪ ሊወስድ የመጣ ጎረቤት ነበር። ከለከልኩት፤ ተቀየመኝ። በኋላ ገባው።

ደግሞ ከጋሼ ተደብቄ የሠራሁት ጥፋት አለ። ማንሻው ውድ ነው። "ኮስቲክ ሶዳ በርካሽ ያነሳል" ሲባል ሰማሁና አንዱን የመስኮት መዝጊያ እሳቸው ባልመጡበት ቀን ሶዳ ቀባሁት። ማንሳቱንስ አነሳው። ግን እንጨቱ እንደ ከሰል ጠቆረ፣ ፊቱም እንደ በግ ጠጉር ተነሳ፣ ጓንቴ ውስጥ በገባች ጠብታ ደግሞ የእጄ አንጓ ተቃጠለ። በአቼቶ ማርከሻ እንደሚያስፈልገው የሰማሁት ከቀባሁት በኋላ ነው፤ አዲሱ ቀለም በወሩ እንደ ቆዳ ተላጠ። ጋሼ ሲያዩት ምንም አላሉም። መዝጊያውን አንስተው ግድግዳ ላይ አስደገፉት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው።

የመጀመሪያው የጥድ ሳንቃ ሲያልቅ የተረፈውን በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ሲደርቅ ጋሼ በመላጊያ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረጉት። ቀጭን ቀይ ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ። አክስቴ አንስታ አሸተተችውና "እንዴ! እርሳስ እርሳስ ይላል" አለች። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ሳቃችን መጣ። እውነቷን ነው። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ፣ የመስከረም ክፍል ውስጥ የሚሸተው። የሐበሻ ጥድ በዓለም ገበያ የእርሳስ መሥሪያ እንጨት ሆኖ ኖሯል። አንዱን እርሳስ ስናባርር ሌላኛው ወጣ።

የውስጡን በሮች ቀለም አልቀባሁም። የተልባ ዘይት በስሱ፣ በጨርቅ፣ ሦስት ጊዜ። በየመሃሉ ብዙ ቀን ጠበቅሁ፤ ያልተፈላ የተልባ ዘይት ቶሎ አይደርቅም፣ አብዝታችሁ ከቀባችሁ ደግሞ ይጣበቃል። ጨርቁን ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ እየደረቀ ራሱን ያሞቃል፣ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። አንድ የእሳት ታሪክ ለአንድ ቤት ይበቃል። ፀሐይና ዝናብ የሚያገኛቸውን መስኮቶች ግን መልሰን ቀባን።

የልጄ ሁለተኛ ምርመራ ታኅሣሥ ላይ ነበር፤ 4 ሆነ። ሦስተኛው ከዚያም ወረደ። ቤት የመለስናት ጥር መጨረሻ ላይ፣ የመጨረሻው ፍርፋሪ ወጥቶ ወለሉ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ነው። ያኔ ከሄደችበት በሦስት ጣት ረዝማለች፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ክንዷን ማስደገፍ ጀምራለች።

የላይኛው መኝታ ቤት በር እስከ ዛሬ ሰባቱንም ቀለም እንደለበሰ ነው። የያዘ ቀለም ነው፣ አልነካሁትም። አጥቤ ስምንተኛውን ቀባሁበት። ቀለሙን የመረጠችው አክስቴ ናት። አረንጓዴ።